ጫጫታ የተባለው የእትየ ደብሬ ድምፅ

ባለፈው ሰሞን ከመሥሪያ ቤቴ ሲያሰናብቱኝ ጋቢ አለበሱኝ፤ በመስታወት የገባ የምስክር ወረቀትም አስታቀፉኝ። ጋቢው ይባረክ፣ ሞቆኛል። ያንገበገበኝ ወረቀቱ ነው። «የምዕራብ ጎጃምን አርሶ አደር ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ ማሽን በመሥራት ላበረከቱት አስተዋፅኦ» ይላል። ከሥሩ በደማቅ ቀለም ያ ቁጥር ተጽፏል፤ ማሽኑ ከመቶ ቃል ስንቱን በትክክል እንደሚሰማ የሚናገረው ቁጥር። እኔ እዚህ አልጽፈውም። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት፣ በየስብሰባው መክፈቻ፣ በየቢሮው ግድግዳ ሲለጠፍ ስለኖረ የፍኖተ ሰላም የጋሪ ፈረሶች እንኳ በቃላቸው ይዘውታል።

ንግግር አድርግ ሲሉኝ ተነሣሁና፣ «ይህ ማሽን አንድም አርሶ አደር ሰምቶ አያውቅም። የሚሰማው እኔን ብቻ ነው» አልሁ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ፈንታ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ፣ «ይኸ ሰው እኮ እስከ መውጫው በር ድረስ ቀልዱን አይተወንም!» አለ። «ቀልዴን አይደለም» ብል ሳቁ እጥፍ ሆነ። ከኋላ ያሉት ጠረጴዛ መደብደብ ጀመሩ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስቅ የኖረ ሰው ቅጣቱ ይኸ ነው፤ የምሩን የተናገረ ዕለት አጨብጭበው ያስቀምጡታል። ወረቀት ግን አይስቅም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ለጡረታ ገና ነበርሁ፤ በፈቃዴ ነው የለቀቅሁት። አሁን ማንኩሳ መውጫ ላይ ወፍጮ ቤት አለኝ። ሞተሩ ሲነሣ ሰው ከሰው በእጅ ብቻ ነው የሚነጋገር፤ ጎረቤቶቼ እንደሚሉት ከዚያ የሚወጣው ድምፅ ደምበጫ ላይ ሕፃን ያስደነግጣል። ዕድሜዬን በሙሉ ጫጫታን ከሰው ድምፅ ስለይ ኖሬ፣ በመጨረሻ ራሴ ጫጫታ ከፈትሁ። ቢያንስ ይኸኛው ጫጫታ ስሙን አልደበቀም።

ሥራ የጀመርሁት ቡሬ ነው፤ በሂሳብ መምህርነት፣ ደርግ ወድቆ ግንባሩ ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ክፍሌ ከመሙላቱ የተነሣ የኋላ ረድፍ ላይ ያሉት ተማሪዎች ሰሌዳውን የሚያዩት ከሌላ ወረዳ ሆነው ይመስለኝ ነበር። ርእሰ መምህራችን ጠመኔ ለሁለት ሰብሮ የሚያድል፣ ለቀሪው ግማሽ ደግሞ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ነበር። ደመወዙን አላነሣውም፤ እሱም ሲነሣ አላየሁትም።

ከዚያ ፍኖተ ሰላም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተዛወርሁ። ከየቀበሌው የሚመጣ የከብት በሽታ ሪፖርት የሚጠቃለልበት ቦታ ነው፤ አጠቃላዩ እኔ ነበርሁ። የወረቀቱ ጉዞ ጉድ ነበር። ቡሬ ገጠር አንድ በሬ ይታመማል፤ ቀበሌው ይጽፋል፣ ወረዳው ይፈርማል፣ ወረቀቱ መንገድ ይጀምራል። እኔ ዘንድ እስኪደርስ በሬው ሞቶ፣ ቆዳው ተለፍቶ፣ ጫማ ሆኖ፣ ጫማውን የተጫማው ሰው ቢሮዬ ገብቶ «እንደምን አደርህ» ይለኛል። እየሣቅሁ ነበር የማወራው። ግን በሬው የሞተበት ሰው አይሥቅም ነበር።

አንድ ቀን ኮምፒውተር መጣልን። አቶ ፈንታ አቧራ እንዳይነካው ነጠላ አልብሶ የክፍሉን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። እኔ በሩ ተከፍቶ ባገኘሁበት ጊዜ ነጠላውን ገልጬ አንዷን የፊደል ቁልፍ ስለተጫንሁ ብቻ የኮምፒውተር ሊቅ ተባልሁና ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ተላክሁ። ቦታ የተገኘው በንግግርና በቋንቋ ጥናት ክፍል ነበር። ትምህርቱ ባጭሩ ሰው ሲናገር ኮምፒውተር ሰምቶ እንዲጽፍ ማስተማር ነው። ሰው ያናግራሉ፣ ድምፁን ይቀዳሉ፣ ያለውን ቃል በቃል ይጽፋሉ፤ ከዚያ ድምፁንና ጽሑፉን አብረው ለማሽኑ ይሰጡታል። ማሽኑ ብዙ ሲሰማ እየለመደ ይሄዳል። በመጨረሻ ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች ያሰሙትና ይፈትኑታል።

ይህን በሰማሁ በመጀመሪያው ቀን ያ በሬና ያ ጫማ ትዝ አሉኝ። ገበሬው ከቀበሌው ስልክ ይደውል፣ ምን እንደታመመበት ይናገር፣ ማሽኑ ይጻፍ፣ የከብት ሐኪሙ በዚያው ዕለት ይሂድ። ይኸው ነበር ሐሳቤ። እስከ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ይመስለኛል፤ ያናደደኝም ጥሩ መሆኑ ነው።

አማካሪዬ ዶክተር መኳንንት ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የመነጽራቸውን ክንድ በክር ያሰሩ ሰው። ማዳመጫውን በአንድ ጆሯቸው ብቻ ነበር የሚያደርጉት። ሌላውን ለምን እንደሚተዉት ስጠይቃቸው፣ «ድምፁ ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ሰው አፍ መውጣቱን እንዳልረሳ» አሉኝ። እያንዳንዱን ቅጂ ሦስት ጊዜ ይሰሙታል። መጀመሪያ ሰውየውን፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ በመጨረሻ ቃሉን። እኛ ተማሪዎቻቸው የምንጀምረው ከሦስተኛው ነበር፤ የምንጨርሰውም እዚያው።

«ይቺ ሴትዮ ተቀምጣ ነው ቆማ የተናገረችው?» ይሉናል ድንገት።

«ኧረ በየት እናውቃለን ዶክተር!»

«ቆማለች። ጉንፋንም ጀማምሯታል። ከጀርባዋ በር ተከፍቷል። እናንተ ምን ሰምታችኋል ታዲያ?»

የድምፁን ምስል ወረቀት ላይ አሳትመው አንዱ ድምፅ አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያስደርጉን ነበር፣ ዓይናችን እስኪያብጥ። በሰከንድ ስምንት ሺህ ጊዜ የተለካ ድምፅ ነው፤ ያን በእርሳስ ሲያሳድዱ መዋል ምስር ከጤፍ የመልቀም ያህል ቢሆን በተሻለኝ፣ ጤፍን ከጤፍ መልቀም ነበር። ከጎረቤት ክፍል ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ስለተሰማ የአንድ ቀን ቅጂዬን በሙሉ አስጥለውኛል። ስንት አመጣህ፣ ከመቶ ስንት ሰማ ብለው ግን አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ማንን ሰማህ?»

ቅጂውን ለመሥራት ወደ አገሬ ተመለስሁ። የሣር ክዳን ቤትን የመሰለ ስቱዲዮ በዓለም ላይ የለም፤ ሣሩና ጭቃው ድምፁን ይውጡታል፣ አያስተጋቡም። ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ግን ግድግዳውን ጋቢ በጋቢ ማልበስ ነበረብኝ፤ ያም ሆኖ አንድ ጠብታ ዝናብ ከጣለ ቀኑ አበቃ። ስለ ዶሮ ባላወራ ይሻለኛል። የማንኩሳ አውራ ዶሮዎች በጥናቴ ውስጥ ከኔ የበለጠ ተናግረዋል።

ዋናው ችግር ሌላ ነበር። ያዘጋጀኋቸውን ዓረፍተ ነገሮች ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ አነባለሁ፣ ሰውየው ከኔ ቀጥሎ ይላል። «በሬው ሣር አልበላም» እላለሁ፤ «በሬው ሣር አልበላም» ይላል። ቀላል ነገር።

እዚያው ማንኩሳ ገጠር አያ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ መጡልኝ። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ፤ ኋላ ግብርናውን መረጡ። «መምህር፣ ይኸን ሁሉ ሰው ብቻዎን አይችሉትም። ሰልፉን ለኔ ይተዉት» አሉኝ። ተውሁላቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው ሁሉ አይንተባተብ፣ አይስቅ፣ አያቋርጥ፤ ያልሁትን ቁጭ ያደርግልኛል። ሦስት ቀን ይፈጃል ያልሁትን በአንድ ቀን ጨረስሁ። ከመደሰቴ የተነሣ አያ ይርዳውን ይዤ ደምበጫ ገጠር ሄድሁ፤ ከዚያም ቡሬ ገጠር።

ቡሬ ገጠር ከተቀዱት መካከል እትየ ደብሬ ነበሩ። ባላቸው ሞቶባቸው ሁለት በሬ ይዘው የሚያሳርሱ፣ ቤተሰባቸው ከአዊ የሆነ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአገውኛ፣ ከኔ ጋር በአማርኛ የሚያወሩ ሴት። ውጭ ከጎረቤታቸው ጋር ሲቀልዱ ሰምቻቸዋለሁ፤ ድምፃቸው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይሮጣል፣ ባለቀ ነገር ላይ ሳቅ ይጨምሩበታል። ውስጥ ገብተው ማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጡ ግን ቀስ ያለ፣ የተስተካከለ፣ ጥርት ያለ ንግግር ተናገሩ። ማስታወሻዬ ላይ «እጅግ ጥሩ ድምፅ» ብዬ ጻፍሁ። ዶክተር መኳንንት ቢሆኑ ኖሮ እዚያው ላይ እርሳሳቸውን ጥለው ይነሡ ነበር።

ሲወጡ ቆም አሉና፣ «መምህር፣ በሬየ ቢታመምብኝ ይኸ ነገር ይሰማኛል?» አሉኝ።

«እንዴታ እትየ! በደወሉበት ዕለት ሐኪሙ ደጅዎ ይቆማል።»

«ምለህ ነው?»

«ምየ ነው!» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። አፌ መቼ ያርፋል።

ማሽኑን ፈተንሁት። ሕጉን አልጣስሁም፤ ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች ለብቻ አስቀምጬ በእነሱ ነው የፈተንሁት። ያ ቁጥር መጣ። ከክፍላችን ማንም እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ አያውቅም። እየሮጥሁ ለዶክተር መኳንንት ሳሳያቸው ወረቀቱን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ማንን ሰማህ?»

«ሁሉንም።»

«ሦስት ሦስት ጊዜ?»

«አዎ፣ ዶክተር።» ዋሸሁ። የሰማሁት ቃሉን ብቻ ነበር።

በስልክ ደግሞ የማይመጣ ነገር የለም፤ የውሻ ጩኸት፣ የመኪና ጥሩንባ፣ ልጆች ለጨዋታ የሚደውሉት። ስለዚህ ወንፊት ሠራሁለት። ማሽኑ ከተማረው ጋር የማይመሳሰል ድምፅ ሲገባ ሳይጽፈው ወደ አንድ ማኅደር ይጥለዋል። ለማኅደሩ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። «ጫጫታ» አልሁት።

ምረቃዬን ሳይጠብቅ አቶ ፈንታ ቁጥሩን ወደ ላይ ላከው፤ ሙከራው ይጀመር ተባለ። ሪባን ተቆረጠ። ከጎረቤት ክፍል ደውዬ «በሬው ሣር አልበላም» ያልሁት እኔ ነበርሁ፤ ማሽኑ ሲጽፈው እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል «እስቲ አንድ ገበሬ ይሞክረው» ያለ አልነበረም። እኔም አላልሁም።

ብዙም ሳይቆይ እትየ ደብሬ ቢሮ መጡ። እጃቸው ላይ የበሬ ማሰሪያ ገመድ ይዘዋል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ላይ ያን ገመድ እንደታቀፉ ነው የመጡት። ሰላምታ አላበዙም፤ ያኔ ነበር ነገሩ መጥፎ መሆኑ የገባኝ።

«ቦራየ ሞተ» አሉ። ቦራ ግንባሩ ነጭ የሆነው በሬያቸው ነው። «ሦስት ጊዜ ደወልሁ። ቀበሌው ድረስ እየሮጥሁ ሦስት ጊዜ። ማንም አልመጣ።»

አቶ ፈንታ መዝገቡን ገለጠ። «ከዚያ ቀበሌ የገባ ጥሪ የለም። ምን ብለሽ ነው የተናገርሽ? ጥርት አድርገሽ ብትናገሪ ይሰማሽ ነበር።»

«አንቺ አትበለኝ፤ እናትህ እሆናለሁ።»

«እሺ እናቴ። ማሽኑ እኮ ተፈትኗል። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ይታይዎታል?»

«አይታየኝም። ለቦራም አልታየውም።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ ንገረው እንጂ። ምለህልኝ አልነበረም? ልደውል ቀርቼ ነው?»

እኔ ለቀብር እንኳ ቀልድ የማላጣ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ያገኘሁት ቃል ግን ባልተገኘ ይሻል ነበር። «ምናልባት መስመሩ ይሆናል እትየ» አልሁ። መስመሩ! ገመዱን በክንዳቸው ጠቅልለው ወጡ። አቶ ፈንታ «የተናጋሪ ጉድለት» ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ። እኔ እያየሁ ነው የጻፈው።

እሳቸው እንደወጡ በሩን ቆልፌ «ጫጫታ»ን ከፈትሁ። ውሻ። ጥሩንባ። ውሻ። ከዚያ እትየ ደብሬ። እንደ ዶክተር መኳንንት ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዬ አደረግሁና መጀመሪያ ሴትዮዋን ሰማሁ።

በመጀመሪያው ጥሪ ለማሽኑ ሰላምታ ሲሰጡ ነበር። «እንደምን ዋላችሁ? ሰዉ ከብቱ ደህና ነው? ደህና ናችሁ?» በምዕራብ ጎጃም ማን ነው የሰው ደኅንነት ሳይጠይቅ ስለ በሬ የሚያወራ? እኔ ግን ካዘጋጀኋቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱም እንኳ ሰላምታ አልነበረውም። በሁለተኛው ሮጠው መጥተው ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ቦራ ለሐጩ እየወረደ ነው፣ ሣሩን አሸትቶ ተወው ይላሉ፤ ድምፃቸው ይወጣል፣ ይወርዳል። በሦስተኛው አጠገባቸው ላለ ሰው በአገውኛ አንድ ነገር አሉና ወደ ስልኩ ተመለሱ፦ «ኧረ የሰው ያለህ! አትሰሙም እንዴ?»

ማሽኑ ሦስቱንም ጊዜ ጫጫታ ብሏቸዋል።

ያኔ ለትምህርቱ የተቀዱትን ድምፃቸውን ከፍቼ ጎን ለጎን ሰማሁ። ጉሮሮው የእትየ ደብሬ ነው። አካሄዱ ግን፣ የሚነሣበት፣ የሚያርፍበት፣ ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ የሳቸው አይደለም። የማውቀው አካሄድ ነው። ሌላ ሰው ከፈትሁ፤ ያው። ከደምበጫ አንድ ሽማግሌ ከፈትሁ፤ ያው። ሁሉም እኔ ነበርሁ። ያን ሁሉ ገጠር ዞሬ፣ ወንዱን ሴቱን፣ ሽማግሌውን ጎረምሳውን ቀድቼ፣ የሰበሰብሁት ራሴን ነው። ሰምቷቸው በማያውቃቸው ሰዎች ፈተንሁት ያልሁት ማሽን እኔን በለበሱ ሰዎች ነበር የተፈተነው።

በማግስቱ አያ ይርዳው ዘንድ ሄድሁ። ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው።

«አያ ይርዳው፣ ሰዉ ወደኔ ሳይገባ ውጭ ምን ይሉት ነበር?»

«ምን እላለሁ? የቃል ትምህርት ነው አልኋቸዋ። መምህሩ እንዳለ ማለት ነው። እኔ ልጅ ሆኘ የኔታ ያሉትን ከሥር ከሥር እያልን ስንቀጥል፣ ቃሉን ይዞ ዜማውን የለወጠ አለንጋ ነበር የሚቀምስ። ያገሬ ሰው መቀበል አያውቅም እንዳይባል፣ እያስባልሁ፣ እያቀናሁ ነው የላክሁልዎ። በደጅ ሆኘ ድምፅዎን በደንብ ይዠው ነበር።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም! ያችን የቡሬዋን፣ ደብሬንማ ስንት ጊዜ መለስኋት! በራሷ አነጋገር ትሄዳለች እኮ። እንደርስዎ እስክትል አላስገባኋትም።» ፊታቸው በራ። «አላማረም?»

«አምሯል፣ አያ» አልኋቸው። ምን ልበላቸው? ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። መጽሐፍ ይዤ መጥቼ፣ መምህር ተብዬ፣ «ከኔ ቀጥላችሁ በሉ» ብያለሁ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰው ፊት በራስ ዜማ መናገር ድፍረት ነው። እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ ይህን የማላውቅ መስዬ መቅረቤ ነው ጉዱ። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት ዕውቀት ከቤቴ የማውቀውን ገፍቶ አስወጥቶት ነበር።

ለዶክተር መኳንንት ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ውሸቴንም ጭምር። ማዳመጫቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አሁን ሰምተሃል» አሉ። «እንግዲህ ሂድና ሳትመራቸው አናግራቸው። ዓረፍተ ነገር አትስጥ። ስለ ራሳቸው ነገር ጠይቅ።»

መጀመሪያ የሄድሁት እትየ ደብሬ ዘንድ ነው። ጥፋቱን ነገርኋቸው፤ ድምፃቸውን ጫጫታ ብሎ የጣለው የኔ ወንፊት መሆኑን፣ ቢሮ ውስጥም ለመመስከር መፍራቴን።

«እና አሁን ምን ፈልገህ ነው?»

«ስለ ቦራ እንዲነግሩኝ። በራስዎ አነጋገር።»

«ይኸ ነው? ከፍኖተ ሰላም እዚህ ስንት ሰዓት ይፈጃል? አንተ በአዲስ አበባ ዞረህ፣ ዲግሪ ቆጥረህ፣ ሽቦ ጠምጥመህ መጣህ በሬየ እንዴት እንደ ሞተ ልትጠይቀኝ? በእግርህ ብትመጣ እኮ በሕይወቱ ትደርስበት ነበር!»

ከዚያ ነገሩኝ። ቦራ ጥጃ ሳለ ጀምሮ፣ ቀንበር የለመደበትን ቀን፣ አንድ ጊዜ ተቆጥቶ ጎረቤታቸውን አጥር ላይ የሰቀለውን። ሲሥቁም ሲቆጡም ቀዳሁ፤ ውሻው ጮኸ፣ ዶሮው ጮኸ፣ አላቋረጥኋቸውም። ያን ቅጂ ለማሽኑ ሳሰማው ቁጥሩ ወደቀ አይባልም፤ መሬት ቀዶ ገባ።

የመመረቂያ ፈተናዬ ላይ ሁለቱንም ቁጥር አቀረብሁ። ከመርማሪዎቹ አንዱ፣ «አንተ ሰው፣ ያማረ ውጤትህን በገዛ እጅህ ለምን ታበላሸዋለህ?» አሉኝ። ሁለተኛው ቁጥር ነው ውጤቴ ብዬ ተከራከርሁ። አሳለፉኝ፤ ምስጋና ግን የለበትም። ዶክተር መኳንንት ብቻ ሲወጡ ትከሻዬን ነካ አድርገው አለፉ።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ አቶ ፈንታን የጠየቅሁት ቀላል ነገር ነበር። የሁለት ወር የገጠር ጊዜ ስጠኝ፤ ሰዉ እንደ ልማዱ እያወራ እቀዳለሁ፣ ማሽኑን እንደገና አስተምረዋለሁ።

«ቁጥሩስ?» አለኝ።

«ይወርዳል። ኋላ በእውነት ይወጣል።»

«ወደ ላይ የተላከ ቁጥር አይወርድም።»

«ስሕተት ነው እኮ!»

«ስሕተትም ቢሆን ተልኳል።» ሳቀ። «አንተ ደግሞ መቼም ቀልድ አይጠፋህም።»

ማመልከቻ ጻፍሁ። ደግሜ ጻፍሁ። በየዓመቱ ጻፍሁ፤ ማመልከቻዎቼ ቢቀጣጠሉ ቡሬ ደርሰው ይመለሳሉ። ስልኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ተቋረጠ፣ ማሽኑ ነጠላውን ለብሶ ግምጃ ቤት ገባ። ቁጥሩ ግን በሕይወት ኖረ። ግንባሩ እስከ ነበረበት የመጨረሻ ዓመት ድረስ በየሪፖርቱ ሲነበብ እጄን አወጣለሁ፤ እጄን ሳወጣ ሊያስቀን ነው ብለው ቀድመው ይስቃሉ።

ስሕተቱ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ስሕተት የማይሠራ ባለሙያ አላየሁም፤ ይኸኛው ደግሞ በሁለት ወር የእግር መንገድ የሚቃና ነበር። የሚያንገበግበኝ በዚያ ቁጥር ውስጥ እትየ ደብሬ መኖራቸው ነው። በኔ ዜማ የተናገሩት ድምፃቸው እዚያ ውስጥ «በትክክል ተሰማ» ተብሎ ተቆጥሯል። በራሳቸው ድምፅ የጮኹት ደግሞ እዚያው መዝገብ ውስጥ «የተናጋሪ ጉድለት» ነው። አንዲት ሴት በአንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ስትሰማም ስትወቀስም ኖራለች፤ በሬዋን የሚመልስላት ቀርቶ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅርታ የሚላት አልተገኘም።

የስንብቱ ማግስት ርክክብ ነበር። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ቅጹን ይዛ ቆመች፤ ከማሽኑ ስም ፊት ለፊት «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» የሚል መሙላት አለባት።

«ጋሼ፣ ይኸ ነገር ይሠራል?»

«እንፈትሸዋ።»

ነጠላውን ገፈፍሁና አስነሣሁት። ከውስጡ እንደ ወፍጮዬ አጉረመረመ። ያልተሰጠውን ቃል መጻፍ አይችልምና ከሙከራው በኋላ አንዲት ነገር ብቻ ጨምሬበት ነበር፤ የእትየ ደብሬን ስምና ለዚህ ቀን ያሰብኋቸውን ጥቂት ቃላት። ማይክሮፎኑን አነሣሁ። ያኔ በየሣር ቤቱ እንዳነበብሁት፣ ቀስ ብዬ፣ አስተካክዬ ተናገርሁ።

«ቡሬ ገጠር የእትየ ደብሬ በሬ ሞተ። ሦስት ጊዜ ደውለው ነበር። ያልሰማኋቸው እኔ ነኝ። ጉድለቱ የተናጋሪዋ አይደለም።»

ማሽኑ ጥቂት አሰበና ጻፈው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳይስት። አሳተምሁት፣ ፈረምሁበት፣ የፈተና ውጤት ብዬ ከቅጹ ጋር አያያዝሁት። ልጅቱ ስክሪኑንና ወረቀቱን እያስተያየች አንድ በአንድ አመሳከረች። ከዚያ «በትክክል ይሠራል» ብላ ሞላችና ማኅተሙን መታችበት።